አፈር የምትመስለው ወፍ

ልጆች ሆይ፥ በመስከረም ወር አደይ አበባ ሜዳውን ሁሉ ቢጫ ባደረገው ጊዜ «የመስቀል ወፍ መጣች» ሲባል ሰምታችኋል። ብዙ ሰዎችም ይህች ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር መጥታ፥ በዓሉ ሲያልፍ ወደ አገርዋ ትመለሳለች ይላሉ። ይህ ነገር ለጆሮ ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች አንዷ፥ መላ አካልዋ ጥቁር ሆኖ ትከሻዋና ከጭራዋ በላይ ያለው ቢጫ የሆነው፥ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ተባዕቱ ለሠርግ እንደሚለብስ ሙሽራ በክረምት ጥቁሩን ላባ ያበቅላል፤ በጋ ሲሆን ያ ላባ ይረግፍና እንደ እንስቲቱ አፈር የመሰለ ዝንጉርጉር ይሆናል። ያን ጊዜ ከሌሎች ጥቃቅን ወፎች ጋር ተቀላቅሎ በአውድማና በጓሮ እህል ሲለቅም ማንም ልብ አይለውም።

እኔም ልብ አላልሁም ነበር። ልጅ ሳለሁ በግንቦት ወር በቤታችን ጓሮ አንዲት አፈር የምትመስል ወፍ በወንጭፍ መታሁ። ሮጬ ባነሣኋት ጊዜ ሰውነትዋ ገና ይሞቅ ነበር፤ ክንፍዋንም ብዘረጋው በትከሻዋ ላይ ጥቂት ቢጫ ላባ አየሁ። ምን እንደ ሆነ ሳልጠይቅ ለድመት ጣልኋት። ከብዙ ዓመት በኋላ የወፎችን ነገር በተማርሁ ጊዜ፥ በየመስከረሙ ስናፍቃት የነበረችውን ወፍ በግንቦት እኔው እንደ ገደልኋት ገባኝ።

ስለዚህ ልጅ ሁሉ ወንጭፉን ሰቅሎ በጓሮው ወፎችን እያበላ ይመልከት እላለሁ። «ሰው በሚራብበት አገር እህል ለወፍ መበተን ምን ይባላል?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ቃሉም የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን ከመሶብ አንሥታችሁ ስጡ አላልሁም። እናታችሁ ስንዴውን ወይም ገብሱን በሰፌድ ስታበጥር የሚቀረው ግርድ ይበቃል፤ ለአንድ ጠዋትም አንድ እፍኝ ብዙ ነው። ጨው ያለበትን ወይም ወጥ የነካውን ፍርፋሪ አትስጡ፤ የሻገተ ምግብማ ወፍን ይገድላል።

ከእህሉ ይልቅ ውኃው ይበልጣል። ምንጭ በሚደርቅበት በየካቲትና በመጋቢት፥ ሰፋ ባለ የእንስራ ገል የጣት አንጓ ያህል ውኃ ብታኖሩ፥ እህል የማይበሉት ወፎች እንኳ ይመጣሉ። ምንቃርዋ ቀጭንና ቆልማማ የሆነው፥ ከአበባ ውስጥ ማር የምትመጥጠው ወፍ ልትታጠብ ትወርዳለች። ድመት የምታደባበት ቁጥቋጦ ግን በአጠገቡ አይኑር። ገሉንም በየቀኑ እጠቡት፤ በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2005 ዓመት ጀምሮ ብዙ ወፎች በአንድ ገበታ እየበሉና እየጠጡ በሽታ ተጋብተው እጅግ አልቀዋልና።

በማሽላ አገር ያሉ ልጆች ነገር ሌላ ነው። ግሪሳ እንደ ደመና ሆኖ በእርሻ ላይ ሲወርድ፥ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያጮህ ልጅ የቤቱን እንጀራ ይጠብቃልና አልወቅሰውም። እህል በሚያሸትበት ወራት በእርሻ አጠገብ ወፍን መመገብም ሞኝነት ነው። ነገር ግን እኔ ያን ወፍ ስመታ በጓሮአችን የሚጠበቅ እህል አልነበረም፤ ጨዋታ ነበር።

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ «ይዤ በቅርጫት ላሳድጋት» ይላል። የተያዘች ወፍ ከፍርሃትዋ በቀር ምን ታሳየዋለች? ይልቅስ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይቁጠር። በዚያው በእንግሊዝ አገር በ1979 ዓመት ልጆች በጥር ወር በየጓሮአቸው ለአንድ ሰዓት ያህል ወፍ እንዲቈጥሩ ተጠየቁ። ቈጠራው ዛሬም በየዓመቱ ይደረጋል፤ ከልጆቹም ጋር እጅግ ብዙ አዋቂዎች ይቈጥራሉ። በዚህም ቈጠራ፥ ሰው ሁሉ ተራ ናት ብሎ የማያያት የቤት ድንቢጥ ከግማሽ በላይ እንዳነሰች ታየ።

እናንተም ደብተራችሁን ይዛችሁ ከበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ስምዋን ያላወቃችኋትን ወፍ መልክዋንና የመጣችበትን ቀን ጻፉ። ዝናቡ ሲጀምር ግን አፈር የምትመስለውን ወፍ ደረት ደኅና አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ መጀመሪያ አንድ ጥቁር ላባ፥ በሌላው ሳምንትም ሦስት አራት ሆኖ ታገኙታላችሁ።