«ነፋስ ወሰደው» አትበሉኝ

በየዓመቱ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ ዋናው ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከደቡብ ጎንደር አንድ ዓይነት ዜና ይመጣል። ነፋስና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፤ ይህን ያህል ቤት ጣሪያው ተነሳ፤ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ተገነጠለ፤ ኮሚቴ ጉዳቱን እያጣራ ነው። የቀበሌውን ስምና ቁጥሩን ቀይራችሁ ለከርሞ ብትለጥፉት ማንም አይነቃባችሁም። መደምደሚያው ደሞ ሁሌ አንድ ነው፦ «የተፈጥሮ አደጋ»።

የእኔ ጠብ ከዚህ ቃል ጋር ነው። ነፋሱ የተፈጥሮ ነው፣ እሺ። ጣሪያው ግን የሰው ሥራ ነው። ቆርቆሮውን የመረጠው ሰው ነው፤ ምስማሩን የመታው ሰው ነው፤ የትምህርት ቤቱን ሕንፃ «ተረክቤያለሁ» ብሎ የፈረመውም ሰው ነው። «ተፈጥሮ» ስንል እነዚህን ሁሉ ነጻ አውጥተን እናሰናብታለን።

እብናትን ብዙ ሰው የሚያውቃት በድርቅ ነው። በ1977 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የተራበ ሕዝብ የተሰበሰበበት መጠለያ ጣቢያ ነበረባት፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጣቢያው በኃይል ተበትኖ ጎጆዎቹ ሲቃጠሉ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህም ስሟ የሚነሳው በአብዛኛው ከዝናብ እጥረትና ከሴፍቲኔት ጋር ነው። ለነፋስ ቦታ የለንም። ድርቅ ወራት ወስዶ ይመጣል፤ ነፋስ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፤ ሩብ ሰዓት ደሞ ለሪፖርት አይመችም። ጉዳቱ ግን ሩብ ሰዓት አይደለም። ወሩ የዘርና የፈተና ወር ነው። ጣሪያው የተነሳበት ገበሬ ለሰኔ ያስቀመጠው ዘርና ማዳበሪያ ይርስበታል። የመብራት እንጨት ሲወድቅ ወፍጮው ይቆማል፣ ስልኩ ይዘጋል። ተማሪው ወደ ዳስ ይወጣል፤ ዳሱ ደሞ ለሚቀጥለው ነፋስ ቁርስ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። መሬቱ ጠዋት ሲግል ይውላል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ይቆለላል። ዝናቡና በረዶው ሲወርድ የቀዘቀዘውን አየር ይዞት ይወርዳል፤ አየሩም መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይፈነጠራል። ከዝናቡ ቀድሞ አቧራ እያስነሳ የሚመጣው እሱ ነው። ጣሪያ ላይ ሲደርስ ደሞ እንደሚመስለን ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ ወደ ላይ ይመጣል። ከላይ የሚያልፈው ቆርቆሮውን ይስባል፤ በተከፈተ በር የገባው ከውስጥ ይገፋል፤ በረንዳ ሥር የተያዘው ከታች ያነሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ድንጋይ መጫን እዚህ ጋ መፍትሔ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ ሰው ላይ ይወርዳል።

አያቶቻችን ይህን በቀመር ባያውቁትም በእጃቸው ያውቁት ነበር። ጎጆው ክብ ነው፤ ጣሪያው ሾጣጣ ነው፤ ነፋስ የሚይዘው ማዕዘን የለውም። ወራጁና ማገሩ የሚያያዘው በልጥና በሐረግ ታስሮ ነው። ጎጆ እንከን የለውም አልልም፤ ያፈሳል፣ እሳት ይፈራል፣ የሚከደንበት ሳርም ጠፍቷል። ቆርቆሮ መምጣቱ መልካም ነው። ጥፋቱ ቆርቆሮውን ስንቀበል ማሰርን መተዋችን ነው። እነሱ ያስሩ ነበር፤ እኛ እንቸነክራለን። ያውም እርጥብ ባህር ዛፍ ላይ! እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩ ይላላል። ከዓመት በኋላ ያ ምስማር ተቀምጧል እንጂ አልያዘም። ቆርቆሮውም በጌጅ ነው የሚሸጠው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። ባለ 35 የባለ 28ን ግማሽ ያህል ነው ውፍረቱ። ምስማሩ ባይነቀል እንኳ ስሱ ቆርቆሮ በምስማሩ ዙሪያ ተቀዶ ይሄዳል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከአዲስ አበባም፣ ከሪያድም፣ ከቤይሩትም ብር ልኮ «ለእናቴ ቆርቆሮ አለበስኩላት» ብሎ ፎቶ የሚለጥፈው የእኛ ትውልድ ነው። ክብር ይገባዋል። ግን ፎቶው ላይ የሚታየው ብልጭልጩ ነው። ስንቶቻችን ነን አናጢውን «ወራጁን ከቋሚው ጋር በምን አሰርከው?» ብለን የጠየቅን? ለሃምሳ ቆርቆሮ ብር ልከን ለአንድ ጥቅል ወፍራም ሽቦ የሚሆን አልላክንም። ምክንያቱም ሽቦ ፎቶ ላይ አይወጣም።

«ድህነት ነው እኮ» ትሉኛላችሁ። ድሃ ነው ጣሪያውን ሁለት ጊዜ መግዛት የማይችለው፤ ለዚያ ነው መጀመሪያ ማሰር ያለበት። «በጦርነት መሃል ስለ ቆርቆሮ ታወራለህ?» ትሉኛላችሁ። ጦርነቱ ትምህርት ቤት በዘጋበት ክልል፣ ክፍት የሆነውን ነፋስ ሲዘጋው ዝም ማለት ደግ ነው እንዴ? «የእግዜር ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። ኖኅ መርከቡን በቅጥራን የለቀለቀው ዝናቡ ሳይጀምር ነው፤ ያዘዘውም ራሱ እግዜር ነው።

መንግሥትም ይህን ያውቃል። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ፣ ከአደጋ በኋላ እርዳታ ከማደል ስጋቱን ቀድሞ ወደ መቀነስ እንሻገር ይላል። ወረቀቱ ተሻግሯል፤ ጣሪያው አልተሻገረም። ባንግላዴሽን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1970 የመታት አውሎ ነፋስ 300,000 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ገደለ። በ2020 ሌላ ብርቱ ማዕበል ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወደ መጠለያ ገባ፤ የሞተው በአሥሮች የሚቆጠር ነው። ባንግላዴሽ ሀብታም አገር ስለሆነች አይደለም። ማስጠንቀቂያውን በድምፅ ማጉያ ከደጃፍ ደጃፍ የሚያደርሱ በጎ ፈቃደኞች ስላሏት ነው። እኛ ዘንድ ትንበያው «በአንዳንድ አካባቢዎች» ብሎ በሬዲዮ ያልፋል። «ዛሬ ከሰዓት ልጆቹን ከዳሱ አውጡ፣ በርና መስኮት ዝጉ፣ ከባህር ዛፉ ሥር ራቁ» ወደሚል የቀበሌ ቋንቋ ካልተመለሰ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ወሬ ነው።

የምለው ቀላል ነው። ለአጨዳ ደቦ የሚወጣ አገር፣ በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ለጣሪያ ደቦ መውጣት አያቅተውም፤ የላላ ምስማር መምታት፣ ወራጅን በሽቦ ማሰር፣ ቤት ላይ ያዘነበለውን ዛፍ መቁረጥ። ለቀብር የሚያዋጣ እድር ለሽቦም ማዋጣት ይችላል። የትምህርት ቤት ሕንፃ የሚረከብ ኮሚቴ ደሞ ቀለሙን ትቶ መሰላል ይዞ ይውጣ፤ ማሰሪያውን ሳያይ አይፈርም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ለከርሞ ዜናው ሲመጣ፣ ጉዳት የሚያጣራው ኮሚቴም ሆነ ከንፈር የምትመጡት እናንተ፣ «ነፋስ ወሰደው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱልኝ፦ በምን ታስሮ ነበር?