ከኋላ አትጥሯቸው

የዳበል ሽማግሌዎች፣ የዕድሜ እኩዮቼ፤ ይህን ለእናንተ የምናገረው ቃላችሁ በግቢው ውስጥ ስለሚከበር ነው። በተተከለ መሣሪያ የሚሰማ ልጅ ወይም ጎልማሳ እየተራመደ ሳለ፣ ይልቁንም ሸክም ይዞ ሲሄድ፣ አታናግሩት። ከኋላውማ ፈጽሞ አትጥሩት። መጀመሪያ ይቁም፣ ፊታችሁን ይይ፤ ከዚያ የምትፈልጉትን እዘዙት።

ቤተ ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ልጁ ናይሮቢ ተወስዶ፣ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ሲል እናት ታለቅሳለች። ደስታው ተገቢ ነው። የምፈራው ከዚያ በኋላ የምንላትን «ዳነ» የምትል ቃል ነው። ዳነ ካልን እንደ ወንድሞቹ ፍየል ያግዳል፣ ጀሪካን ተሸክሞ ይሮጣል፣ እየሮጠም ትእዛዝ ይቀበላል ብለን እንጠብቃለን። የሚተከለው መሣሪያ፣ ኮክሊያር ኢምፕላንት፣ ግን የጠፋውን የጆሮ ክፍል መልሶ አያበቅልም፤ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በቀጥታ ለነርቩ ያቀብላል። ጤነኛ ጆሮ ድምፅን በ15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሴሎች ይቀበላል። የተለመዱት መሣሪያዎች ያሏቸው ኤሌክትሮዶች ከ12 እስከ 22 ናቸው። የቀረውን ልጁ በሐሳቡ ይሞላዋል፤ ከንፈር እያየ፣ እየገመተ፣ የሰማውን ከቀደመው ጋር እያያያዘ። ነፋስ ሲነሳ ወይም ሰው ሲንጫጫ ድካሙ እጥፍ ይሆናል።

የሚዛን ስሜትም የሚኖረው እዚያው ጆሮ ውስጥ ነው። በውስጠኛው ጆሮ፣ ከመስሚያው ጋር ተያይዘው፣ ጭንቅላት ሲዞርና ሲያዘነብል የሚያውቁ ሦስት ቀለበቶችና ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አሉ። መልእክታቸው ወደ አእምሮ የሚሄደውም ከመስሚያው ጋር በአንድ ነርቭ ነው። ስለዚህ መስማትን የወሰደ በሽታ ብዙ ጊዜ ሚዛንንም ይወስዳል። ከሁሉም የሚከፋው ማጅራት ገትር ነው፤ ይህ በሽታ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ስንቱን ልጅ እንደጎዳ እናንተም ታውቃላችሁ። ጄንታማይሲንና የድሮው የቲቢ መርፌ ስትሬፕቶማይሲንም ሕይወት ያድናሉ፤ የሚዛኑን ክፍል ግን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ቀዶ ሕክምናው ራሱም አንዳንድ ጊዜ የተረፈውን ይነካል።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲሄድ አይታችሁ ደህና ነው ትሉ ይሆናል። እኛ መሬቱን ሳናስብ እንረግጣለን፤ እሱ ግን በዓይኑና በውስጥ እግሩ ሚዛኑን እየጠበቀ ነው የሚቆመው። ሳይታወቀው ሐሳቡን በመቆም ላይ ያውለዋል። እናንተ ስትጠሩት ያንኑ ሐሳብ ለመስማት ትቀሙታላችሁ። በውኃ ጉድጓዱ፣ በኤላው ላይ፣ አንድ ገንዳ ሞልቶ ሁለት መንጋ በአንድ ጊዜ ቢለቀቅበት ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ሳይጠጣ ይመለሳል። እዚህም ወይ ቃላችሁን አይሰማም፣ ወይ ይወድቃል። ያልሰማ እንደሆነ ደግሞ እንቢተኛ ብለን እንቆጣዋለን፤ ይህ በደል ነው።

ነገሩ የልጆች ብቻ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች በእንክብካቤ ቤት የሚኖሩ አዛውንቶችን እያራመዱ ወሬ ጀመሩላቸው። መልስ ለመስጠት ቆም ያሉት 12 ነበሩ፤ ከእነዚህ 10ሩ በስድስት ወር ውስጥ ወደቁ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የመስማት አቅማቸው በ25 ዴሲቤል የቀነሰ ሰዎች የመውደቅ ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳዩ። ጆሮው የከበደ እኩያችሁ አብሯችሁ ሲሄድ ወሬውን አቆይታችሁ ስትቀመጡ ብታወሩት ምን ይጎድልባችኋል? በዚህ ዕድሜ የጭን አጥንት ከተሰበረ ብዙዎች ወደ ቀድሞ አካሄዳቸው አይመለሱም።

የእኛ መሬት ደግሞ ምሕረት የለውም። ወርቅ ፍለጋ የተቆፈረው ጉድጓድ ብዙ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ፣ መንግሥት ቁፋሮውን ከዘጋ በኋላ፣ እዚሁ ዳበል ሂሎ ላይ ጉድጓድ ተደርምሶ አምስት ሰው ገድሏል። እነዚያ ጆሯቸው የሚሰማ፣ ሚዛናቸው የጸና ቆፋሪዎች ነበሩ። ሐሳቡ ለሁለት የተከፈለበት ልጅ በዚያ ጠርዝ ሲያልፍ ከሩቅ «አንተ!» ብሎ የሚጠራው ሰው የሚያደርገውን አያውቅም። ሞያሌ ገብቶ የጭነት መኪና የሚበርበትን አስፋልት ሲሻገርም ያው ነው፤ እጁን ያዙ፣ አፋችሁን ዝጉ።

ሌሊቱን ለብቻው ልንገራችሁ። የኢምፕላንቱ የውጪ ክፍል ለመኝታ ይወለቃል፣ ባትሪውም ቻርጅ ይደረጋል። ልጁ ለሽንት ሲነሳ ጆሮው ዝግ ነው፤ ጨለማው ደግሞ ዓይኑን ይወስድበታል። የቀረው እግሩ ብቻ ነው። የእጅ ባትሪ ከራስጌው አይጥፋ፤ ከደጃፉ ድንጋይና ገመድ ይነሳ። ከዝናብ በኋላ በሚሞላው ኩሬ፣ በሐሮ፣ ለብቻው አይግባ። ውኃው ድፍርስ ነው፤ ጠልቆ ከገባ ዓይኑ አያይም፣ እግሩም መሬት አይነካም፣ የሚዛን ስሜቱ ከሌለ ላዩ የትኛው እንደሆነ ሊጠፋበት ይችላል። ዋና የሚችል ልጅ እንኳ በዚህ ሊሰጥም ይችላል።

ይህን ስል መሣሪያው ይቅር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ድምፅ የማይሰማ ልጅ ቋንቋ ሳይዝ ዓመታት ከሚያልፉበት፣ ገና በሕፃንነቱ ቢተከልለት እጅግ ይሻላል። አቅሙ ያለው ይውሰደው። ሲወስደው ግን ሐኪሙን ስለ ጆሮው ብቻ ጠይቆ አይመለስ። ልጁ አንገቱን ማቅናት ዘግይቶ እንደሆነ፣ እኩዮቹ ሲሄዱ እሱ ገና ይድህ እንደነበረ፣ በምሽት ግድግዳ ይዞ የሚሄድ እንደሆነ ይናገር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚዛን ምርመራ ይጠየቅ፤ በሁለቱም ጆሮ የሚተከል ከሆነ ደግሞ ይህ ምርመራ ሳይደረግ ፈቃድ ላይ አትፈርሙ።