ሽጉጥ የመጫወቻ ቀለም ሲቀባ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ሽጉጡን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሮዝ ወይም ቢጫ መቀባት ቢያምረው የሚያግደው ነገር ትንሽ ነው። እንደ ዱራኮት ያለው ቀለም ለቤት ሥራ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ሴራሚክ ያለበት ሴራኮት ደግሞ አንዱ ዓይነት በኦቨን ሙቀት፣ ሌላው በአየር ብቻ ይደርቃል። ብረቱ ከቅባት ይጸዳል፣ ቀለሙ ይረጫል፣ እስኪጠነክር ይቆያል፤ አለቀ። የመለያ ቁጥሩን እስካላጠፋ ድረስ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ጠያቂ የለውም።

በልባሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ላብና እርጥበት ብረትን ያዝጋሉ፤ ባለቤቱ ንብረቱን ከዝገት ቢጠብቅ አይወቀስም። ክርክሬ ከቀለሙ ጋር ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ሕግ መጫወቻ መሣሪያዎች ከእውነተኛው የሚለዩበት ምልክት እንዲኖራቸው አዘዘ። የታወቀው ምልክት አፈሙዙ ላይ ያለው ብርቱካናማ ጫፍ ነው። ሌላም አማራጭ አለ፦ መጫወቻው ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ደማቅ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ከሆነ ይበቃል። ልብ በሉ! መንግሥት "ይህ መጫወቻ ነው" ብሎ የለያቸው ቀለሞች ዛሬ ለእውነተኛ ሽጉጥ ይሸጣሉ። ሕጉ የመጫወቻ አምራቹን አስሮ የመሣሪያውን ባለቤት ለቀቀው።

ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ክሊቭላንድ ከተማ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ ብርቱካናማ ጫፉ የሌለው መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ መናፈሻ ውስጥ ነበር። ፖሊሱ በደረሰ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተኩሶ ገደለው። ያኔ መጫወቻው እውነተኛ መስሎ ነው። እውነተኛው መጫወቻ መምሰል ሲጀምር ደግሞ ፖሊስ ምልክቱን ጨርሶ የሚያምንበት ምክንያት አይኖረውም፤ ብርቱካናማ ጫፍ ያለው መጫወቻ የያዘ ልጅ እንኳ ከለላውን ያጣል። ቤት ውስጥ መሳቢያ ከፍቶ ሮዝ ሽጉጥ ያገኘ ሕፃንስ ምን ብሎ ያነሳዋል?

"ወንጀለኛ ሕግ አያከብርም፤ መጫወቻውንም ጥቁር ይቀባዋል" የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ግን ቀይ መብራት የሚጥስ ሹፌር ስላለ መብራቱን አናነሳም። ምልክት የሚሠራው አብዛኛው ሰው ሲያከብረው ነው፤ ሮዝ ሽጉጥ የሚይዘውም አብዛኛው ሕግ አክባሪ ባለቤት ነው።

መፍትሔው እንግዳ አይደለም። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 መሣሪያን እንደ ጥቁር፣ ግራጫና ብርማ ካሉት ቀለሞች ውጪ መቀባትን ከልክላለች። በ2021 አንድ የዩታ ድርጅት በሌጎ መጫወቻ ጡቦች የተሸፈነ የሚመስል ግሎክ ሽጉጥ ለገበያ ሲያቀርብ ያስቆመው ግን የመንግሥት ሕግ አልነበረም፤ የሌጎ ኩባንያ የጻፈው ደብዳቤ ነው። የልጆችን ደህንነት ለንግድ ምልክት ባለቤት መተው ለአንድ መንግሥት ያሳፍራል።

የ1988ቱ ሕግ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ይጨመርበት። የመጫወቻ ቀለም ለመጫወቻ ብቻ ይሁን። እስከዚያው አሜሪካ ያላችሁና መሣሪያ በቤታችሁ የምታኖሩ ተከታታዮቻችን፣ ከዝገት ለመጠበቅ ጥቁሩም ግራጫውም ይበቃል። ሽጉጥ ሽጉጥ ይምሰል፤ ቁልፍም ይቆለፍበት።