«ሴት ያሳደገው»

በአማርኛ ስድብ ሲቈጠር «ሴት ያሳደገው» የተባለው ከፊተኞቹ ይሰለፋል። ትርጓሜውም አባት ያልገሠጸው፥ ጨዋነት የጎደለው ማለት ነው። ቃሉ ከገበያና ከጠላ ቤት ተነሥቶ ዛሬ በቴሌቪዥን የቤተ ሰብ ድራማ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ በዚያ ብቻዋን የምታሳድግ እናት አብዛኛውን ጊዜ ወይ ታለቅሳለች፥ ወይ ትታለላለች፥ ያለዚያም በመጨረሻ ባል ይመጣላትና ቤቷ ቤት መባል የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

በባሕር ማዶ «ዘ ፎስተርስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ፥ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 ድረስ፥ ሁለት ሴቶች እንደ ባልና ሚስት ሆነው ልጆች ሲያሳድጉ አሳየ። ይህን የመሰለውን ሥራ የሚነቅፉ ብዙ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለ ጋብቻ የታወቀ ነው፤ ክርክሩም የራሱ ቦታ አለው። ነገር ግን ነቃፊዎቹ «አባት የሌለበት ቤት ቤት አይደለም፤ በሴቶች እጅ ያደገ ሰው አይሆንም» ብለው ሲደመድሙ፥ ዱላው አሜሪካ ሳይደርስ የጎረቤትን መበለት ይመታል። በዚያ ማዶ ያለውም ሕፃን ቢሆን ቤቱን መርጦ አልገባምና መሳለቂያ ሊሆን አይገባውም።

የሚያስደንቀው ይህን የሚሉት መጽሐፍ አዋቂዎች መሆናቸው ነው። የጢሞቴዎስ አባት ግሪካዊ ነበረ፤ ጳውሎስ ስለ እምነቱ የሚያነሣቸው ግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው። ኢዮቤድ በተወለደ ጊዜ ስም ያወጡለት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ ልጁም ለኑኃሚን ተወለደላት አሉ፥ እርስዋም ታቅፋ አሳደገችው፤ የዳዊት አያት እርሱ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የቆመውን የአብነት ተማሪ ቁራሽ ሰጥታ ለቅኔ ያበቃችውስ ማን ናት? የቅኔ ሰው ያን ስድብ ቢፈታው፥ ሰሙ ነውር፥ ወርቁ ግን ሴት ከፍ ያደረገችው ማለት ሆኖ ያገኘዋል።

በሀዋሳ ነገሩ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ሠርተውበታል። ደመወዙ ትንሽ፥ ኪራዩ ብዙ ስለ ሆነ አንዱን ክፍል ለሦስትና ለአራት ይከራያሉ። አንዲቱ የወለደች እንደ ሆነ፥ እርስዋ ለፈረቃዋ ስትወጣ ጓደኛዋ ሕፃኑን ታቅፋ ትቀራለች። በኅዳር 2014 ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካውን ለመዝጋት ሲወስን፥ ጥቂት ቈይቶም ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ፥ ጭንቁ የገባው በእነዚህ ጓዳዎች ነው። ይህን የሚያህል የቤተ ሰብ ታሪክ ለድራማ ማን ጻፈው?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ ያደርግ ነበር፤ በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ሥልጣኑን ለሁለቱም እኩል አደረገው። በ2008 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናትም ከአራቱ ቤት የአንዱ ኃላፊ ሴት መሆንዋን አገኘ። «እማወራ» የሚለው ቃል በከንቱ አልተፈጠረም። ሕጉ ሲሻሻል ድራማው ግን በ1952 ቀርቷል።

«ድራማ ምሳሌ የሚሆነውን ቤት ያሳይ» የሚሉ አሉ። ቀማኛና ከዳተኛ በየሳምንቱ ሲታይ ምሳሌነት የሚጠየቀው ከብቸኛ እናት ብቻ ነውን? በ2014 በአርትስ ቴሌቪዥን የታየውን «እረኛዬ»ን የጻፉት አዜብ ወርቁ፥ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ ናቸው፤ የገጠርን ልጅ ከመካከል ስላቆሙ ተመልካች አልሸሻቸውም። የሀዋሳም ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ፈረቃው ሲለወጥ በፓርኩ በር ይቁም፤ ከሚወጡት ማን ወደ ማን ልጅ እንደምትቸኩል ይጠይቅ።