ከገና ዕረፍት በኋላ የቤይሩት ሕፃናት ምን ይማራሉ?

የሊባኖስ ትምህርት ቤቶች የገና ዕረፍት ብዙውን ጊዜ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ልደትን እስከምታከብርበት እስከ ጃንዋሪ 6 ይዘልቃል። ማግስቱ፣ ታኅሣሥ 29፣ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ ሰፈሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የገና በዓል ነው። በዚሁ ሰሞን ተማሪዎች ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። በጃንዋሪ 2025 ግን መምህራኑን የጠበቃቸው ከባድ ምርጫ ነበር፤ በቀሩት ጥቂት ወራት ከመጽሐፉ የቱን ማስተማር፣ የቱንስ መዝለል ይገባል?

የጊዜው ሒሳብ አስጨናቂ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የእስራኤል የአየር ድብደባ ሲበረታ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። የትምህርት ሚኒስትሩ አባስ ሐላቢ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱበትን ቀን ወደ ኖቬምበር 4 አራዘሙ። የቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ ዳሂያ፣ ማለትም ሐረት ሕሬክ፣ ጎበይሪና ቡርጅ አል-በራጅነህ፣ እስከ ኖቬምበር 27 የተኩስ አቁም ድረስ ከድብደባ አላረፈም። ስለዚህ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከገና በፊት ያገኘው ትምህርት፣ ቢበዛ ሰባት ሳምንት ነው፤ የዳሂያ ልጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የግል ትምህርት ቤቶች ግን በራሳቸው ኃላፊነት ቀድመው፣ አንዳንዶቹም በኢንተርኔት፣ ጀምረው ነበር። ክፍያ የሚችል ቤተሰብ ልጅና የማይችል ቤተሰብ ልጅ ከገና በኋላ አንድ መጽሐፍ ቢይዙም አንድ ገጽ ላይ አይገናኙም።

የጃንዋሪ መመለስ ለሊባኖስ መምህራን ከጦርነቱም በፊት የመከራ ወቅት ነበር። በጃንዋሪ 2022 የመንግሥት መምህራን ከዕረፍት በኋላ ወደ ክፍል አንመለስም አሉ። በ2023ም እንደዚሁ ሆነ፤ አድማው እስከ ማርች ዘለቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ2019 በፊት አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ዛሬ 89,500 ሊራ ነው። በሰዓት የሚከፈለው የኮንትራት መምህር ደግሞ ትምህርት በተቋረጠ ቁጥር ገቢው አብሮ ይቋረጣል።

ጊዜ ሲያጥር መምህር ለሒሳብና ለቋንቋ ቅድሚያ መስጠቱ አይቀርም፤ የሚያስወቅሰውም አይደለም። ይሁንና በሊባኖስ ሒሳብ ራሱ የቋንቋ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የአንደኛ ክፍል ተማሪ መደመርና መቀነስን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ፖሊሲው ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ይደነግጋል። በሊባኖስ ግን ሒሳብና ሳይንስ በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። በቤቱ ዐረብኛ ብቻ የሚሰማ ሕፃን ሁለት ወር ከክፍል ሲለይ ክፍልፋይን ብቻ አይረሳም፤ ክፍልፋይ የሚነገርበትን ቋንቋም ይረሳል። ከ2013 ወዲህ በከሰዓት በኋላ ፈረቃ ለሚማሩት ሶርያውያን ችግሩ የከፋ ነው፤ በአገራቸው ሁሉም ትምህርት በዐረብኛ ነበርና።

ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ ከሚታጠፉት አንዱ ታሪክ ነው። ከታሪክ ቢታጠፍ ብዙ የሚቀር የለም የሚል ካለም ፈጽሞ አልተሳሳተም። የ1989ኙ የጣይፍ ስምምነት የተዋሐደ የታሪክ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ ቢያዝም እስካሁን አልተዘጋጀም። በ2001 ለሦስተኛ ክፍል የታተመ መጽሐፍ፣ በሊባኖስ ላይ ከተፈራረቁት የውጭ ገዢዎች ዝርዝር ውስጥ ዐረቦችን በማካተቱ ክርክር አስነስቶ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በሥራ ላይ ያሉት መጻሕፍት ነፃነት የታወጀበትንና የፈረንሳይ ጦር የወጣበትን የ1940ዎቹን ዓመታት ብዙም አይሻገሩም። ስለ 1975ቱ የእርስ በርስ ጦርነት ምንም የማይማር ልጅ፣ በራሱ ዓይን ያየውን ጦርነት በየትኛው ምዕራፍ ያገኘዋል? አጠቃላይ ሥርዓተ ትምህርቱ የወጣው በ1997 ነው። ለመለወጥ ጠንካራ መንግሥት ያስፈልጋል፤ በ2025 መግቢያ የነበረው ግን ባላደራ ካቢኔ ነበር፤ ምክር ቤቱም ከሁለት ዓመት በላይ ባዶ ለቆየው የፕሬዝዳንት ወንበር ለጃንዋሪ 9 ቀጠሮ ይዞ ነበር።

ከኢትዮጵያውያን እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ዕጣ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። በከፋላ ሥርዓት የእናቲቱ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ከአሠሪዋ ቤት የወጣች እናት ፈቃዷ ይቃጠላል፤ ፈቃድ የሌላት እናት ልጇን ለማስመዝገብ የምታቀርበው ወረቀት ያጥራታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት፣ የሊባኖስ ጸጥታ መሥሪያ ቤት በአገሪቱ ልጅ የወለዱ ስደተኛ ሠራተኞችን የፈቃድ ዕድሳት እየከለከለ መሆኑን ይፋ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ የሚማሩት በበጎ አድራጎት ማኅበራትና በአብያተ ክርስቲያናት በተከፈቱ ክፍሎች ነው፤ እነዚህ ክፍሎች ደግሞ ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያሻግር የታወቀ ማስረጃ ሁልጊዜ አይሰጡም። ልጁ በቤት አማርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ በመንገድ ዐረብኛ፣ በክፍል ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ ይሰማል፤ ከእነዚህ ውስጥ እናቱ የቤት ሥራውን ልታግዘው የምትችለው በመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እርሱም በደብተሩ ላይ የለም።