ሥራቸው ሌላ፣ ፍቅራቸው ካሜራ

ፎቶ አንሺን የሚያሳድገው ውድ ካሜራ ሳይሆን ሥራውን በየጊዜው አይቶ እውነቱን የሚነግረው ባልንጀራ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የምጠራው ምስክር በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ እ.ኤ.አ. በ1939 የተመሠረተው የአማተሮች ክበብ፣ ፎቶ ሲኔ ክሉቤ ባንዴይራንቴ ነው።

አባላቱ በፎቶ እንጀራ የሚበሉ አልነበሩም። ጠበቃ፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ፣ የሒሳብና የባንክ ሠራተኛ ይገኙባቸዋል። የሚያስደስቱት ደንበኛ ስላልነበራቸው የፈለጉትን ይሞክሩ ነበር። ክበቡ ግን እንዲሁ አልተዋቸውም። ርእስ እየሰጠ ያወዳድራቸዋል፤ ፎቶዎቹ በጉባኤ ፊት ቀርበው ይተቻሉ። አንድ ላይ ወጥተው ያነሣሉ፤ ከ1946 ጀምሮ ደግሞ የተመረጡት ሥራዎች በክበቡ መጽሔት ይታተሙ ነበር። ወደ ውጭ አገር ዓውደ ርእዮች የተላኩት ፎቶዎች ጀርባቸው ዛሬም በየደረሱበት በተመታባቸው ማኅተም ተሞልቷል።

ከዚያ መካከል ምን ዓይነት ሰው እንደ ወጣ ተመልከቱ። ጌርትሩደስ አልትሹል ከናዚ ጀርመን ሸሽታ የመጣች፣ ለባርኔጣ ጌጥ የሚሆን አበባ በእጅ እየሠራች የምትኖር ሴት ነበረች። ሴት አባላት ጥቂት በነበሩበት በ1952 ክበቡን ተቀላቀለች፤ በዓመቱ የፓፓያ ቅጠል ጅማቶችን እንደ ጥልፍ አጉልታ ያሳየችበትን ፎቶ አነሣች። የባንክ ሠራተኛው ዠራልዶ ደ ባሮስ በበኩሉ ኔጋቲቩን ይጭር፣ በአንድ ፊልም ላይ ደራርቦ ያነሣ ነበር። ይህ በክበቡ ውስጥ አከራክሯል። ለእኔ ክርክሩ ራሱ የክበቡ ጤንነት ምልክት ነው፤ ሰው የሚከራከረው ከልቡ ላየው ነገር ነውና። በ2021 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የእነዚህን አማተሮች ሥራ ለብቻው ዓውደ ርእይ አዘጋጅቶ አሳየ።

ወደ እኛ ልምጣ። አዲስ ፎቶ ፌስት የተሰኘው የፎቶ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ፎቶ አንሺዎቻችንን ከዓለም ጋር አገናኝቷል፤ ባለውለታችን ነው። ፌስቲቫል ግን የበሰለ ሥራ የሚታይበት መድረክ ነው። ከሥራ መልስ በስልኩ መርካቶን የሚያነሣው ወጣትስ ጥሬውን ሥራ ለማን ያሳይ? በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደርሰው የልብ ምልክት እንደ ተወደደለት ይነግረዋል እንጂ ብርሃኑ ለምን እንደ ከዳው አያስረዳውም።

ወር ጠብቆ፣ ተራ ገብቶ መሰባሰብን ደግሞ ከማንም መማር አያሻንም። የጽዋ ማኅበር ዘመን የተሻገረው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ተረኛው ይደግሳል፣ የቀረ ይጠየቃል። የፎቶ ክበብም በዚህ ደንብ ሊቆም ይችላል።

ለመጀመር አንድ ክፍል፣ በወር አንድ ርእስ፣ ከየአባሉ አንድ የታተመ ፎቶ ይበቃል። መታተሙን አጥብቄ የምለው ስልክ ስለሚሰበርና ስለሚጠፋ ነው፤ ምስሉም አብሮት ይሄዳል። በወረቀቱ ጀርባ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ይጻፍ። የባንዴይራንቴ ሥራዎች ከሙዚየም ሊደርሱ የቻሉት ተጠብቀው ስለ ቆዩ ነው። የወጣት ማዕከላትና ቤተ መጻሕፍትም በወር አንድ ቀን አዳራሻቸውን ቢፈቅዱ የሚያተርፉት የከተማቸውን ታሪክ ነው። ካሜራ የምትወዱ ጎረቤታሞችና የሥራ ባልደረቦች ተጠራሩ፤ የመጀመሪያውን ርእስ ዛሬውኑ ምረጡ።