የማይታየው ተኳሽ፡ ከሳራዬቮ እስከ መስቃን

በ2011 ዓ.ም. መግቢያ በመስቃንና በማረቆ መካከል ከተቀሰቀሰው ግጭት ያየነው፣ ተሸሽገው የሚተኩሱ ጥቂት ሰዎች ገበያና መንገድ ሊያዘጉ እንደሚችሉ ነው። የጸጥታ ኃይል ቢሰፍርም ጥይቱ ከየት እንደመጣ ካላወቀ እሱም ዒላማ ነው።

በከተማ ውጊያ የዚህ ክፉ ምሳሌ ሳራዬቮ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ተከባ ሳለ፣ ከፎቅና ከኮረብታ የሚያነጣጥሩ ተኳሾች ውኃ ሊቀዱ የወጡትን ሳይቀር ገደሉ። ነዋሪውን በብረት ለበስ ተሽከርካሪ ይከልሉ የነበሩት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮችም አልተረፉም፤ በ1995 የፈረንሳይ ወታደሮች በተኳሽ ጥይት ወድቀዋል። ከከበባው የሰርብ ጦር አዛዦች አንዱ፣ ጄኔራል ስታኒስላቭ ጋሊች፣ በ2006 በዘ ሄግ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

የኛ እንደዚያ ያለ ጦርነት አይደለም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እንሴኖ ላይ ወታደር ማቆም ብቻውን ተኳሹን አያስቆመውም። የምሥራቅ ጉራጌ ዞንና የማረቆ ልዩ ወረዳ አስተዳደሮች ተኳሹንም ያሰማራውንም በጋራ ለፍርድ ያቅርቡ እንላለን።